ጫማዋን ሳታወልቅ

እንጅባራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅአየሁ፣

የካርቱም ሙቀት ሳያጠወልግዎ፣ ጉልበትዎም ሳይከዳዎ ይህች ወረቀት እንድትደርስዎ የዘንገናዋ ማርያም ትርዳኝ። እኛ በሕይወት አለን። ገብሱ አሽቷል፣ ብርዱም ገብቷል፤ እኔና የልብስ ስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ እየተነጫነጭን እንውላለን።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስጻፋት ሳይሉኝ አይቀሩም። ስልኩን ሶስና ትሰማዋለች። እርስዎ ሲደውሉ ጆሮዋን ከጆሮዬ ትለጥፋለች፤ ወጣ ብዬ ላውራ ስል ደግሞ «ስለ በሽታዬ እየተደበቃችሁ ነው የምታወሩ» ብላ ስታለቅስ ታድራለች። ስለዚህ የጫግኒው ሾፌር አየነው እስከ መተማ ያደርስልኛል፤ ከዚያ ወዲያ ነጋዴዎቹ ያውቃሉ።

የወንድምዎ ልጅ ሶስና አሥራ ስድስት ዓመቷን ይዛለች። በቁመት አልፋኛለች፤ መልኳ ቁርጥ አባቷ ቢሻው። ግን እትዬ፣ ምን ልበልዎ፣ ከሐኪም ደጅ አልወጣ ብለናል። ዛሬ ልቤ፣ ነገ ደረቴ፣ ከነገ ወዲያ ግራ እጄ ደነዘዘ። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ስሟን ሳይጠይቅ ካርዷን ያወጣል። ባለባጃጁ ደጉ በራችን ሲደርስ ራሱ ያዘግምና «ዛሬም ልብ ነው?» ይለኛል። እኔም «የለም፣ ዛሬ እንኳ ወደ ጉበት ለመዛወር አስበናል» እለዋለሁ። ካልሳቅሁ ምን ይውጠኛል? ሐኪሞቹ ያዳምጡና «ምንም የለባትም» ይላሉ። ለአንድ ቀን ፊቷ ይፈታል፤ በማግስቱ ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ ትርታዋን መቁጠር ትጀምራለች። ትምህርት ቤትም እንዲሁ እየቆጠረች ነው የምትውል።

ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ ትተኛለች። ለምን ብላት «ድንገት ሲነሳብኝ ጫማ ሳጠልቅ እንዳንዘገይ» አለችኝ።

ባሕር ዳር ልብን በምስል የሚያሳይ መሣሪያ አለ ይላሉ። እሱን በዓይኗ ብታይ ይበርድላት ይሆናል። አቅምዎ ከፈቀደ በእሱ ይርዱኝ። ይህን ሁሉ ያመጣው የቢሻው ነገር ይመስለኛል፤ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

የወንድምዎ ባለቤት ዘውድነሽ

*

ካርቱም፣ ኅዳር 30 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለዘውድነሽ፣ ለወንድሜ ቤት ምሰሶ፣

እግዜር ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ የልጅሽን ሠርግ ያሳይሽ። ደብዳቤሽ ከነዘይቱ ከነአቧራው ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ። ያው የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ፤ እመቤቲቱ ክፉ አይደለችም፣ ጨው ካልበዛ አትጮህም።

ለምስሉ የሚሆነውን ነጋዴው ደርበው ይዞልሽ ይመጣል። ልጄ ትታይ፣ አንጀቴ እሷ ናት። ነገር ግን አታሞላቅቂያት። ልጅ የሚያዳምጠው ሲያገኝ ይብስበታል። ጠበል ወስደሻታል? እኛ ስናድግ ራሳችንን ሲያመን ጤና አዳም ተሸትቶ ያልፍ ነበር። ለሁሉም እመቤቴ ታውቃለች።

የቢሻውን ነገር ለምን እንዳነሳሽ ግን አልገባኝም። ወንድሜ ልቡ ድንገት ቆሞ ነው የሞተ። እንዲህ ነው፤ እንዲህም ይኖራል።

እናትሽም እህትሽም ወርቅአየሁ

*

እንጅባራ፣ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅአየሁ፣

ያሰበልን እጅዎ አይጠር፤ የላኩት ደርሶኝ ባሕር ዳር ሄደን መጣን። ሐኪሙ ሳቂታ ሰው ነው፤ «ይቺ ልጅ ልቧ የፈረስ ልብ ነው፣ የዘንገናን ሐይቅ ሦስቴ ትዞራለች» አላት። ምስሉን በወረቀት ሰጣት፤ ትራሷ ሥር አስገብታ ተኛች። አንድ ሳምንት ቤቴ ቤት ሆነ። እንደ ልጅነቷ ሽሮዬን ቀምሳ «እማ ጨው ረሳሽ» አለችኝ፤ ደስ ብሎኝ አለቀስሁ።

ከሳምንት በኋላ ምስሉን ይዛ መጣችና «ይህ እኮ ምንም ማለት አይደለም፤ አባዬም ጤነኛ ነበር፤ የሱም የልብ ሕመም ለማንም አልታየም ነበር» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ድሮው ነን።

እትዬ ወርቅአየሁ፣ በአፌ ያላወጣሁትን እጄ ይጻፈው። ቢሻው ልቡ ቆሞ እንዳልሞተ የምናውቅ እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ያን ክረምት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ፣ የጀመረውን የቀርከሃ ወንበር ትቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ደከመኝ» ሲል ከርሞ በገዛ እጁ ነው ያለፈ። ፍትሐት እንዳይከለከል፣ ከቅጽሩ ውጪ እንዳይጣል ብለን «ልቡ ድንገት ቆመ» አልን። በማግስቱም የማርያምን በር ይዘን «አንዳችን ያላንዳችን ፈቃድ አንናገር» ብለን ማልን። ሶስና ያኔ ጥርሷን የምትለውጥ ሕፃን ነበረች። ልቡ ቆመ የተባለውን ብቻ ይዛ አደገች። ይኸው አሁን አባቷን የገደለውን በሽታ ደረቷ ውስጥ ትፈልጋለች። የሌለ በሽታ የትኛው መሣሪያ ያገኝላታል?

እውነቱን ብነግራትስ? መሐላው የሁለታችን ነው፤ ብቻዬን አልፈታውም። እሷ ደግሞ የደም ግፊት መለኪያ ይላኩልኝ ብላለች፤ ልመናዋን ማድረስ ስላለብኝ ነው የጻፍሁት።

ዘውድነሽ

*

ካርቱም፣ መጋቢት 27 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለዘውድነሽ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈታሽ። መለኪያውን ልኬያለሁ፣ ከነባትሪው ነው። ጥቂት ቴምርና ላንቺ የሚሆን ቶብም፣ የዚህ አገር ሴቶች የሚጠመጠሙት ልብስ፣ አለበት፤ ቀለሙ ደማቅ ነው ብለሽ እንዳትተዪው፣ ገና ሽማግሌ አልሆንሽም።

እዚህ ሙቀቱ ድስት ላይ እንደተጣድን አድርጎናል።

ስለ ሌላው ነገር የጻፍሽውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። አንቺም እንዲህ ያለውን አትጻፊ።

ወርቅአየሁ

*

እንጅባራ፣ ሰኔ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅአየሁ፣

ክረምቱ ሳይዘጋን ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቶቡን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ «ዘውድነሽ ልታገባ ነው» ተባለ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

መለኪያው ግን ጉድ ሠራን። ሰፈሩ ሁሉ ክንዱን እየጠቀለለ መጣ። ሶስና እንደ ነርስ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ለሁሉም ለካች፤ የአንዲቱን አሮጊት ከፍ ብሎ አግኝታው ሐኪም ቤት ሰደደቻት፣ አሮጊቷም መድኃኒት ተጀመረላት። እንዲያ ስትሠራ አይቼ ይቺ ልጅ እኮ ደህና ናት ብዬ ነበር። ሰው ሲያልቅ ወደ ራሷ ዞረች። ስትበላ፣ ስትተኛ፣ ከሽንት ቤት ስትመለስ ትለካለች። ክንዷ በለዘ። ብደብቀው ዱቄት ዕቃው ውስጥ አገኘችው። ነጠቅኋትና፣ ይቅር ይበለኝ፣ በጥፊ መታኋት። «ምቺኝ፣ ሞቴን ግን አትደብቂኝ» አለችኝ።

ይህን ለሐኪሞቹ ስነግር ባሕር ዳር ወዳለች የአእምሮ ሐኪም ጻፉልን። ወጣት ሴት ናት። ከሶስና ጋር ብዙ አወራች፤ ሌሎቹ ሲያዳምጡ ልቧን ነበር፣ ይቺ እሷን አዳመጠቻት። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ከቤተሰብ በመንፈስ ጭንቀት የታመመ፣ ራሱን የጎዳ ሰው አለ? የምሰጣትም መድኃኒት፣ የምጠብቃትም ነገር በመልስሽ ይለያያል» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሶስና «አባቴ አለ፣ ግን እሱ በልብ ነው የሞተ» ብላ መለሰች። ሐኪሟ ዓይኔን አየችኝ። እኔ ነጠላዬን አየሁ።

ከእንግዲህ ገንዘብም ዕቃም አልጠይቅዎትም። የምለምንዎ «ንገሪያት» የምትል አንዲት ቃል ናት። በቢሻው አፈር ይዤዎታለሁ።

ዘውድነሽ

*

ካርቱም፣ ነሐሴ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለዘውድነሽ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ እኔ ሰላም የለኝም።

በቢሻው አፈር ትይዥኛለሽ? ያን አፈር ማን አስገኘለት? እኔ ነኝ የአገሩን ሰው «ልቡ ነው፣ ልቡ ነው» እያልሁ ደረቴን እየደቃሁ ያሳመንሁ። ፊቱን የሸፈንሁት እኔ ነኝ። አሁን ሕክምና ተማርሁ የምትል ልጅ ጠየቀችኝ ብለሽ አጥንቱን ልታስወጪ? ይህ ነገር ከወጣ ካህናቱ ዝም ይላሉ? አብሯቸው ይጋልብ የነበረ ፈረሰኞቹ፣ በስሙ የሚምሉት፣ ምን ይላሉ? ሶስናንስ ማን ያገባታል? «ደሟ ውስጥ አለ» ሲሏት ትኖራለች።

ደግሞስ ብትሰማ ምን ትማራለች? ለልጅ መንገዱን ማሳየት ነው እኮ! ይህን አላሰብሽም?

አልፈቅድም። መሐላችን መሐላ ነው።

ወርቅአየሁ

*

እንጅባራ፣ ጥር 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅአየሁ፣

ለጤናዎ እለምናለሁ፤ ተቆጥተውኝም ቢሆን እለምናለሁ። ለመጻፍ የዘገየሁት ኩርፊያ ይዞኝ ነበር፣ አልዋሽም። «መንገዱን ማሳየት ነው» ያሉት ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። ጥቅምት ላይ ብቻዬን ባሕር ዳር ወርጄ ያችን ሐኪም «አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ነገር ለልጇ ብትነግር ልጅቱ አትከተልም ወይ?» አልኋት። «ባልተነገራት ነገር ብቻዋን ከመታገል ከእናቷ ጋር ማወቅ ይሻላታል፤ ስትነግራት ግን አጠገቧ ትሁን፣ ከዚያም ወደኛ ታምጣት» አለችኝ። ስለ ማን እንደማወራ የገባት ይመስለኛል።

ኅዳር ላይ ለንስሐ አባቴ ለቄስ ገብረ ማርያም እንደዚሁ የሰው አስመስዬ ነገርኋቸው። አንድ ሰው አእምሮው ታሞ ራሱን ቢያጠፋ አጥንቱ ይወጣል ወይ አልኋቸው። «አእምሮው ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን በሯን አትዘጋም፤ ያኔ ብትነግሩኝ እኔው እፈታው ነበር» አሉኝ። «ያኔ» አሉ፣ እትዬ። የማይዘጋ በር ይዘጋል ብለን ነው ያን ሁሉ የዋሸን።

ከትናንት በስቲያ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነበር። ሜዳው በፈረስ ሞላ። አድማሴ፣ ያ ከቢሻው ጋር ይጋልብ የነበረው፣ ሶስናን ጠርቶ «አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ደረቱ ድንጋይ ነበር፣ ከፈረስ ወድቆ አያውቅም» አላት። ማታ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች። ጣቷ አንገቷ ላይ ነው። «እማ፣ በየቀኑ ሞትን ከምጠብቅ አንዴ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። ደከመኝ» አለችኝ።

ደከመኝ አለች። ቃሉን ያውቁታል።

አጥንት ልጠብቅ ወይስ ልጅ? አንዱን ይንገሩኝ። ዝም ካሉኝ ማርያም ትፍረድብኝ፣ መሐላዬን አፍርሼ እነግራታለሁ።

ዘውድነሽ

*

ካርቱም፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለዘውድነሽ፣ ለእህቴ፣

ይህች ወረቀት መቼ እንደምትደርስ አላውቅም፤ ስትደርስ ሁለታችሁም በሕይወት ጠብቁልኝ። የጥር ወር ደብዳቤሽ ገና አሁን ነው እጄ የገባ። ከተማው ታውኳል፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ደርበውም ስንት ቦታ ተደብቆ ነው ያደረሰልኝ። ምነው ዝም አለች ብለሽ ስትረግሚኝ ከርመሽ ይሆናል፤ እርግማንሽን አንሺልኝ።

ሌሊት ጥይት ይሰማል። እመቤቲቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ሄደች፣ እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛ። ትናንት ሌሊት ጨለማ ውስጥ የጫማዬን ክር ስነካካ ሶስና ትዝ አለችኝ። እኔ ይህ ነገር ሲያገኘኝ ሳምንት አልሞላኝም፣ ሰው መሆኔን ልረሳ ደርሻለሁ። ያቺ ልጅ በሰላም አገር፣ በአልጋዋ ላይ፣ ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ነው የምታድር? ልጄን! እኔ አታሞላቅቂያት እልሽ ነበር።

የወንድሜን ፊት ስሸፍን ያየሁትን ለማንም አልተናገርሁም። ካርቱም ድረስ የመጣሁትም ለሥራ ብቻ አልነበረም፣ ወደ መቃብሩ የሚወስደውን የዘንገናን መንገድ ሁለተኛ ላለማየት ነው። በአገውኛ ብቻዬን ሳለቅስ እመቤቲቱ ጸሎት ይመስላታል።

መሐላውን ፈትቼልሻለሁ። በማርያም ፊት ፈትቼልሻለሁ። ቄሱንም ምስክር አድርጊልኝ። ስትነግሪያት ግን «አባትሽ ጥሎሽ አልሄደም፤ ታሞ ነው» በያት። በጣም ይወዳት ነበር፤ ያቺን የቀርከሃ አልጋዋን ገና ሳትወለድ ነው የሠራላት። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያት።

ወርቅአየሁ

*

እንጅባራ፣ ግንቦት 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅአየሁ፣

ከጥይቱም ከወሬውም ትጠብቅዎ ያችው ማርያም። ደብዳቤዎ ከትንሣኤ በኋላ ደረሰኝ፤ አየነው «ካርቱም ክፉ ነው» ሲለኝ በሩ ላይ እንደቆምሁ ቀድጄ አነበብሁት። እስቲ የልቤን ልንገርዎ።

ቅዳሜ ቀን ሶስናን ይዤ ወደ ዘንገና ሄድሁ። «መኪና የማይገባበት ቦታ ቢነሳብኝስ?» ብላ ስንት ዓመት እምቢ ስትል ነበር፤ ያን ቀን «የአባትሽን ነገር ላጫውትሽ» ስላት ተከተለችኝ። የእግር መንገዱን ስንወጣ እየቆመች ትርታዋን ትቆጥራለች፣ እኔም እቆማለሁ። ቄስ ገብረ ማርያም በቅጽሩ በር ቆመው ጠበቁን። መቃብሩ አጠገብ ተቀምጠን ስለ አልጋዋ ጀመርሁ፣ እንዳዘዙኝ። ቀጥዬ ነገርኋት። እንዴት እንደሞተ ሳይሆን እንዴት እንደታመመ ነው የነገርኋት። እጇን ይዤ ነበር።

አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ልቡ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር» አልኋት።

ጣቷን ከአንገቷ አወረደች። ቄሱ «ልጄ፣ አባትሽ እዚሁ ነው፣ ማንም አያነሳውም» አሏት። እኔ መሬቱ ላይ ተደፍቼ ጮህሁ። ያኔ በወጉ አልቅሼለት አላውቅም ነበር፤ ሰው እንዳይጠረጥር እንባዬን እየመጠንሁ ነበርና።

ከዚያ የመጣውን ግን አልጠበቅሁም። ሶስና ሐኪም ቤት መጠየቅ አቆመች። ልቤ የለ፣ ደረቴ የለ። ማታ ጫማዋን አውልቃ በር ሥር ታስቀምጣለች። ደጉ ባጃጁን አዘግሞ «ዳነች እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን እትዬ፣ ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ቢሻውም መጨረሻ ላይ እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር የስፌት መኪናዬን አቁሜ አያታለሁ። «ባሕር ዳር እንሂድ» ብላት «አልታመምሁም» ትላለች። «እማ ልቤን» የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ ጌታዬ ገላግለኝ ብያታለሁ፤ አሁን እንጀራ እንደራበው ሰው ናፈቅኋት። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ የምተኛው እኔ ሆንሁ። ስለትም የመጪውን ዓመት የኩዳዴ ጾምም አስቀድሜ ተሳልሁ፤ ያልጠራሁት ታቦት የለም።

ባለፈው ማክሰኞ የተማሪ ቀሚስ እየሰፋሁ በረንዳ ላይ ነበርሁ። መጥታ ፊቴ ቆመች። በባዶ እግሯ ናት።

«እማ» አለች፣ «አሞኛል።»

«የትሽን ነው?» አልኋት፣ እንደ ልማዴ።

«ልቤን አይደለም። የት እንደሆነ አላውቅም። እንደ አባዬ ይመስለኛል። ወደዚያች ሴትዮ ውሰጅኝ።»

እልል ልል ነበር እኮ! ልጄ ታመምሁ ብላኝ እልል ልል ነበር። ቀሚሱን መርፌው ላይ እንደተሰካ ትቼ ወጣሁ። ደጉ ባጃጁን አቁሞ እንደ ልማዱ «ዛሬም ልብ ነው?» ሲል እሷ ራሷ «አይደለም» ብላ መለሰችለት፤ እሱም ፊቷን አይቶ ሁለተኛ አልቀለደም። ሐኪሟ ያችን ጥያቄ ዳግመኛ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ መለስሁ።

መድኃኒት ጀምራለች። ቶሎ አይሠራም ብለዋታል። ዳነች ብዬ አልዋሽዎትም፤ በቃን ከውሸት። ትምህርቷን ለዚህ ዓመት ትታለች። ወሬውም በሰፈር ወጥቷል፤ አንዳንዷ ጎረቤት በማዶ በኩል ታልፋለች። አድማሴ ግን ሰምቶ መጣ፣ ድንች በጆንያ አምጥቶ በር ላይ አስቀምጦ፣ ሲወጣ «ምነው ለኔ በነገረኝ» ብሎ አለቀሰ።

ትናንት ሶስና እርስዎን ጠየቀችኝ። ጥይቱን፣ ጫማዎን፣ ሁሉን ነገርኋት። «እትዬ ወርቄ ብቻዋን ናት?» አለችና ስልኩን ከመደርደሪያው አውርዳ ቻርጅ ላይ ሰካችው።

ስለዚህ ለአየነው ይህን ወረቀት ከሰጠሁ በኋላ ሌላ አልጽፍም። ኔትወርክ ሲለቀቅልዎ ይደውሉ። ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት።

ዘውድነሽ